የመኪና የኋላ መስተዋት ሲሰበር እስከ መቼ ይቈያል?



በዚህ ዓምድ ላይ አንባቢዎች ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት የሚያቀርቡትን አስተያየት ዘወትር እከታተላለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጕዳይ ከእነዚህ ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም የመኪና የኋላ መስተዋት ሲሰበር ባለቤቱ በስንት ጊዜ ውስጥ ሊያስለውጠው ይገባል የሚል ነው። ዳሩ ግን እኔ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አምስት ወር ያህል የተሳሳተ ሆኖ በመቈየቱ በልጄ ላይ ከባድ ጕዳት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፣ እንደ እኔ በወር ደመወዝ እየተዳደሩ አሮጌ መኪና የሚነዱ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲያውቁት በማለት ይህን ጽሑፍ ልኬያለሁ።

መኪናዬ በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቮልስዋገን ናት። የወረስኳት ከአባቴ ሲሆን እርሳቸውም በጡረታ እስከ ተገለሉ ድረስ ወደ መሥሪያ ቤታቸው የተመላለሱባት ናት። «ለምን ሸጠህ ደህና መኪና አትገዛም?» የሚሉኝ ወዳጆች ቀድሞ ብዙ ነበሩ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ግን ጥያቄው ቀንሶልኛል፤ ያለውን ጠግኖ መያዝ የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗልና።

ነገሩ የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮተቤ በሚገኘው ቤቴ አጠገብ ጎረቤት ቤት ያሠራ ነበር። ግንበኛው ድንጋይ ሲጠርብ አንዲት ስንጣሪ ተፈናጥራ በአጥር ሥር የቆመችውን የቮልሷን የኋላ መስተዋት ከጥጉ ላይ መታችው። ድምፁ ከስንጣሪዋ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ ጥይት የተተኰሰ ያህል ጮኸ። ወጥቼ ባየሁ ጊዜ መስተዋቱ ከዳር እስከ ዳር የሸረሪት ድር መስሏል፤ ነገር ግን አልወደቀም። ያልወደቀበትም ምክንያት፣ ልጄ ከኋላ ስትቀመጥ ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብዬ ቀደም ሲል ከውስጥ ያስለጠፍኩት ጥቁር ላስቲክ ስባሪዎቹን አንድ ላይ ይዞ ስለ ቀረ ነው። ግንበኛው በጣም ደንግጦ የቀን ምንዳውን ሊሰጠኝ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እኔም፣ «ምንም አይደለም፤ እንደ ቆመ ነው» ብዬ መለስኩት። ከዚያን ቀን በኋላ ለራሴም የምደጋግመው ቃል ይኸው ሆነ፤ እንደ ቆመ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኔ ያደግሁት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የመኝታ ቤታችን ኀላፊ የነበሩት አዛውንት አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ የተሰበረ የመስኮት መስተዋት ሳይመሽ መግባት አለበት። ማን ሰበረው የሚለው ክርክር ለነገ ይቈያል፤ መስተዋቱ ግን አይቈይም። በገበታ ላይ አጋድመው በአልማዝ ብዕር ጭረው ይሰብሩትና በስቱኮ ያጣብቁታል፤ እኛም ፋኖስ ይዘን ቆመን እናያለን። ዋጋው ከሁላችን ኪስ ይሰበሰብ ስለ ነበር በዚያ ጊዜ እንደ ጭካኔ እቈጥረው ነበር። ዛሬ ሳስበው የሽማግሌው ፍርሀት የሌሊቱ ብርድ በትንንሾቹ ልጆች ደረት ላይ የሚያደርሰው ነገር ኖሯል። ይህን እያየ ያደገ ሰው፣ ያውም የፊዚክስ መምህር፣ የራሱ ተራ ሲደርስ አምስት ወር መቀመጡን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ለመዘግየቴ ምክንያት አላጣሁም ነበር። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት ወቅት ነበረ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ገና ወራት ቀርተውታል። ወደ ኋላ ለማየትም ቢሆን በግራና በቀኝ ያሉት ስፖኪዮዎች ይበቁኛል። አንድ ቀን መገናኛ አደባባይ አጠገብ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ሲጠይቀኝ ያቀረብኩለት መልስ ይህ ነበር፤ እርሱም ስፖኪዮዎቹን አይቶ፣ «ቶሎ አሠራው» ብሎ ለቀቀኝ። እንግዲህ የእኔ ሒሳብ በሙሉ በሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር፤ አንዱ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ማየት ነው። የኋላ መስተዋት ሌላ ሥራ እንዳለው አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

በመጋቢት ወር የመንገድ ጕብታ ስሻገር ከታችኛው ጥግ የአንድ መዳፍ ያህል ስባሪ ከነላስቲኩ ተገንጥሎ ወደቀ። ቀዳዳውን በደብተር መለበጫ ላስቲክ ሸፍኜ በሰፊ ፕላስተር አጣበቅሁት። ጠዋት ደህና ይሆንና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ፕላስተሩ ይለቃል፤ ላስቲኩም ስንሄድ ይርገበገባል። ልጄ በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ድምፁ አስቂኝ መስሎ ይታያት ነበር።

በግንቦት ወር ልጅቱ ራሴን ያመኛል ማለት ጀመረች። ከኮተቤ ተነሥተን በመገናኛ በኩል ወደ አራት ኪሎ የምንጓዘው መንገድ ጠዋት ጠዋት መኪና በመኪና ላይ የሚደራረብበት ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅብናል። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ስትወርድ ፊቷ ገርጥቶ፣ አንድ ሁለት ቀንም አስመልሷት ታየ። እኔ ምን አልኩ? ቍርስ አልበላሽም ብዬ ተቈጣሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከትምህርት ለመቅረት ነው ብዬ ጮኽኩባት፤ ልጅቱም አለቀሰች። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ነገር ግን ሳልጽፈው ብቀር ጽሑፉ እውነት አይሆንም። ወደ ክሊኒክ ወስደናት ደምና ሰገራ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም።

ምክንያቱን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። እርስዋ የሒሳብ ሠራተኛ ስትሆን ነገሮችን በየቀኑ ከፋፍላ መመዝገብ ልማዷ ነው። አንድ ማታ፣ «ለምን ቅዳሜና እሑድ አያማትም? ደግሞስ አንተ ስብሰባ ነበረህና እኔ በታክሲ የወሰድኳት ሁለቱን ቀን ለምን ደህና ዋለች?» አለችኝ። ቀጥላም የልጅቱን የትምህርት ቤት ሹራብ አምጥታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። ሹራቡ የጋራዥ ሽታ ይሸት ነበር።

በማግሥቱ እሑድ የባለቤቴ ወንድም እንዲነዳልኝ ለምኜ እኔ በልጄ ቦታ ከኋላ ተቀመጥሁ። መኪናው እኔ የማውቀው መኪና አልነበረም። ከፊት ሆኖ የማይታወቀው ሽታ ከኋላ ወንበር ላይ ጉሮሮ ይይዛል። ከሹራቤ ላይ ክር መዝዤ በቀዳዳው አፍ አጠገብ አንጠለጠልኩ። መኪናው ቆሞ ሳለ ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። መንገድ ስንጀምር ግን ክሩ ወደ ውስጥ ተጋደመ። ከሁሉ የከፋው የሚቀጥለው ነው፤ «የፊቱን መስኮት ክፈተው» አልኩት፤ ክሩ ይባስ ብሎ ወደ እኛ ተወጠረ። እኔ ግንቦትን ሙሉ ልጄ ራሴን አመመኝ ባለች ቍጥር አየር እንድታገኝ ብዬ የማደርገው ይህንኑ ነበር፤ የፊቱን መስኮት መክፈት!

ነገሩ ለክፍል ተማሪዎች የማስተምረው ነው። የሚሮጥ መኪና አየሩን ከፊቱ እየገፋ ስለሚሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ያነሰ፣ የሚሽከረከር አየር የሞላበት ቦታ ይፈጠራል፤ ጭስ ማውጫው የሚተፋውም በዚሁ ቦታ ላይ ይንከባለላል። የፊት የጎን መስኮት ሲከፈት በአጠገቡ የሚያልፈው ነፋስ የውስጡን አየር ወደ ውጭ ይስበዋል፤ የወጣው አየር ደግሞ በሌላ መተካት አለበት። ከኋላ ቀዳዳ ካለ የሚተካው በዚያ በኩል፣ ከነጭሱ ነው። በቮልስ ላይ ሞተሩም ማርሚታውም ከኋላ በመሆናቸው መንገዱ ይበልጥ ያጥራል። ነገር ግን ሞተሩ ከፊት የሆነ መኪናም ቢሆን ጭሱን የሚለቀው ከኋላ ነውና ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ሰው እኔን አይመለከተኝም አይበል።

ከጭሱ ውስጥ አደገኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሲሆን፣ እርሱ ቀለምም ሽታም የለውም። የምናሸተው ከእርሱ ጋር የሚወጡትን ሌሎች ነገሮች ነው። ስለዚህ ሽታ ከተሰማ እርሱም አለ ማለት ነው፤ ሽታ አልተሰማም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይይዘዋል። መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ስለ ሆነ ከተራ ሕመም ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ሕፃናት ከትልልቅ ሰዎች ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ጕዳቱ እነርሱን ይቀድማል። ለዚህ ነው እኔ ከፊት ደህና ተቀምጬ ስነዳ እርስዋ ከኋላ ትታመም የነበረችው።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አልነዳሁም። ወደ መርካቶ ሄድኩ።

ከአንድ የመለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ገብቼ የቮልስ የኋላ መስተዋት ጠየቅሁ። አንድ አቧራ የለበሰ አወረደልኝ። «የእኔ የ68 ሞዴል ነው፤ ይገጥማል?» ስለው፣ «ጌታዬ፣ ቮልስ ቮልስ ነው» አለኝ። ከወር ደመወዜ ሲሶውን ከፍዬ ተሸክሜ መጣሁ። አልገጠመም፤ ቁመቱ በለጠ።

ይህን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው የተማርኩትን ልናገር። ቮልስ ከሩቅ ሲያዩት ለብዙ ዓመታት መልኩን ያልለወጠ ይመስላል፤ የኋላ መስተዋቱ ግን ደጋግሞ ተለውጧል። እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በመካከሉ በብረት የተከፈለ ሁለት ትንንሽ መስተዋት ነበረው። ከዚያ እስከ 1957 አንድ የእንቍላል ቅርጽ ያለው ሆነ። ከ1958 ሞዴል ጀምሮ አራት ማዕዘን ሆኖ፣ በ1965 ሞዴል ጥቂት ሰፋ፤ በ1972 ሞዴል ደግሞ እንደ ገና ከፍ አለ። እንግዲህ የእኔ ከ1965 እስከ 1971 ባሉት ሞዴሎች ላይ የሚገባው ሲሆን ሻጩ የሰጠኝ ከ1972 ወዲህ ያለውን ነበር። ሞዴሉ የሚወጣው በፊተኛው ዓመት በነሐሴ ወር ስለ ሆነ የተሠራበትን ዓመት ብቻ መናገርም አይበቃም፤ የሚሻለው የአሮጌውን ቁመትና ስፋት ለክቶ ይዞ መሄድ ነው።

ሻጩ መልሶ ለመቀበል እምቢ አለ። ከጎኑ የነበረ የመስተዋት ሠራተኛ፣ «ምን ቸገረዎት፣ ትርፉን ልቍረጥልዎ» ብሎ አልማዙን አወጣ። በዚህ ጊዜ መምህርነቴ ጠቀመኝና አይሆንም አልኩ። እርሱም ልምድ ያለው ሰው ስለ ነበር ተቈጥቶ፣ ከጥግ የወደቀ የመኪና በር መስተዋት አንሥቶ ሊያሳየኝ ጭሮ ጫፉን በመቆንጠጫ ሲይዘው መስተዋቱ በእጁ ላይ ድምፅ ሰጥቶ እንደ ጨው ተበተነ። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ እኔ ግን ከመስኮት መስተዋት ጋር ዕድሜውን ለፈጀ ሰው ስሕተቱ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

የመኪና የኋላና የጎን መስተዋት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በአየር ድንገት እንዲቀዘቅዝ እየተደረገ ነው። ውጭው ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ቈይቶ ሲቀዘቅዝ ሊሸበሸብ ሲል ውጭው ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት ላይኛው ሽፋን እንደ ተጨመቀ፣ ውስጡም እንደ ተወጠረ ይኖራል። ጥንካሬው ከዚህ የመጣ ነው፤ መበተኑም ከዚሁ። ሽፋኑ በአንድ ቦታ እስከ ውስጥ ከተነካ የታመቀው ኀይል ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ስለዚህ ከተሠራ በኋላ አይቈረጥም፣ አይበሳም፣ ስንጥቁም አይጠገንም። የፊት መስተዋት ግን ሌላ ነው። እርሱ በሁለት መስተዋት መካከል ላስቲክ ተጣብቆበት የሚሠራ ሲሆን፣ ሐሳቡ የመጣው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ለተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1903 እ.ኤ.አ. የወደቀ ብልቃጥ ተሰንጥቆ ሳይበተን በቀረ ጊዜ ነው ይባላል፤ በ1909ም መብቱን አስመዝግቧል። በፊት መስተዋት ላይ ከነጂው ዐይን ርቆ ያለ ትንሽ ጭረት በሙጫ ተሞልቶ ሊቈይ ይችላል። ሰዎች ግን፣ እኔም ጭምር፣ በፊቱ የለመድነውን ትዕግሥት ወደ ኋላው እናዛውረዋለን።

ትክክለኛውን መስተዋት ያገኙልኝ የአባቴን መኪና ከጥንት ጀምሮ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ቀድሞውኑ ወደ እርሳቸው መሄድ ነበረብኝ። አንድ ወዳጃቸው ከቆመች አሮጌ ቮልስ ላይ አውልቆ በሳንቃ መካከል ያስቀመጠው ነበር፤ ዋጋውም ለተሳሳተው ከከፈልኩት በግማሽ ያነሰ ሆነ። ከሥራው በፊት ግን መኪናዋን ከታች አይተው፣ «ልጄ፣ መስተዋቱን ብቻ አይደለም፤ ማርሚታህም ተበልቷል። ቀዳዳው ጭሱን ወደ ውስጥ አስገባው እንጂ ጭሱን ያበዛው ይኼ ነው» አሉኝ። ሁለቱንም አሠራሁ።

የመግጠሙ ሥራ ሊታይ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ ስባሪውን ለመልቀም ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው በተቀመጠበት፣ በዕቃ ማስቀመጫው፣ ከመስተዋቱ በታች ባለው የሞተር አየር ማስገቢያ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ከዚያም አዲሱን ጎማ በመስተዋቱ ዙሪያ አልብሰው በጎማው ቦይ ውስጥ ቀጭን ጠንካራ ገመድ ዞሪያውን አስገቡ፤ ጎማውን በሳሙና ውኃ ቀቡት። እኔ ከውጭ በሁለት መዳፌ መስተዋቱን ስገፋ እርሳቸው ከውስጥ ሆነው ገመዱን ቀስ እያሉ ይስቡታል፤ ገመዱ በወጣበት ሁሉ የጎማው ከንፈር በብረቱ ላይ እየተገለበጠ ይቀመጣል። «እጅህን አትፍራ፤ ጡጫ እንጂ መዳፍ አይሰብረውም» ይሉኝ ነበር። በአዳዲስ መኪናዎች መስተዋቱ በማጣበቂያ የሚያያዝ ስለ ሆነ ሥራው ሌላ ነው፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ መኪናው ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት፤ ጤዛ ማድረቂያ ሽቦ ያለበትም ከሆነ ሽቦው መያያዙን ማየት ያስፈልጋል።

ይህ የሆነው በሰኔ ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ክሩን በየጥጉ አንጠልጥዬ ሞክሬያለሁ፤ አይንቀሳቀስም። ልጄም ራሷን አላመማትም። በመስከረም ሦስተኛ ክፍል ስትገባ ከኋላ ተቀመጭ ስላት አንድ ጊዜ ወደ መስተዋቱ ዘወር ብላ አየችና ተቀመጠች። ስለ ቁጣዬም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ በእኛ አገር አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ ያልተለመደ ቢሆንም።

እንግዲህ መቼ ነው የሚለወጠው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። መስተዋቱ በላስቲክ ተይዞ ቢቆምም፣ የተበተነ መስተዋት ነውና በዚያው ሳምንት ይለወጥ። ቀዳዳ ከተከፈተበት ግን መኪናው ያን ቀን ይቁም። ወደ ጋራዥ ለማድረስ መንዳት ግድ ከሆነ ማንም ከኋላ አይቀመጥ። የአንድ ሳምንት የታክሲ ወጪ ይከብዳል የሚል ካለ፣ እኔ ለክሊኒክና ለማይገጥመው መስተዋት የከፈልኩት ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ እንደ ነበር ይወቅ።

በመጨረሻም፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ የሆነ ቮልስ ያለውና የኋላ መስተዋት የተሰበረበት አንባቢ ቢኖር፣ ያ የማይገጥመኝ መስተዋት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ ሥር ይገኛል። ጭረት የለበትም። በገዛሁበት ዋጋ ግማሽ እሰጠዋለሁ፤ በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ቢጽፍልኝ ይደርሰኛል። ባለቤቴ ቤት ስታጸዳ በመጥረጊያ እንዳትነካው ስለምሰጋ ቢፈጥን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር
ከኮተቤ፣ አዲስ አበባ